ሰርቪሱ ፈቃድ የለውም፣ ቤቱን እንዴት ልሽጠው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ባለቤቴ ባህር ዳር ስራ ስላገኘ ቤታችንን ሸጠን ልንሄድ ነው። ካርታ አለን፣ ዋናውን ቤትም ፈቃድ አውጥተን ነው የሰራነው። ችግሩ በ2006 ከጀርባ የነበረችውን የጭቃ ኩሽና አፍርሰን ሶስት ክፍል የብሎኬት ሰርቪስ ሰራን፣ ያኔ ፈቃድ የጠየቅን አይመስለኝም፣ ባለቤቴ ግን ወረቀት ነበረ ጠፋ እንጂ ይላል። አሁን በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው መጥቶ ቅዳሜ 200 ሺህ ብር ቀብድ ልስጣችሁ ብሎናል። ደላላው ስለ ሰርቪሱ ትንፍሽ እንዳትሉ፣ ውሉ ላይ «ገዥ አይቶ ወዶ ገዝቷል» ብለን እንዘጋዋለን አለን። ልጆቻችንን ያሳደግነው በሰርቪሱ ኪራይ ነው፣ ዋጋውንም የሚያወጣው እሱ ነው። ሰው ማታለል አልፈልግም፣ ገዥው እንዳያመልጠንም ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ የቅዳሜውን ቀብድ አትቀበሉ። ሌላው ይደርሳል፣ ይሄ ግን ቀን ተቆርጦለታል ብዬ ነው ያስቀደምኩት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ሰው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በሰርቪሱ ሰበብ ነገሩ ተበላሽቶ ሽያጩን እናንተ ብትተዉት 400 ሺህ ልትጠየቁ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ብሩ ለቤት ኪራይና ለእቃ ማጓጓዣ ወጥቶ አልቆ ይሆናል።

ወረቀት ነበረ አልነበረም የሚለውን ቤት ውስጥ አትከራከሩበት። ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ፋይላችሁን አስወጡ፣ ፈቃድ ተሰጥቶ ከነበረ ኮፒው እዛ መገኘት አለበት። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የቤቱን ወረቀት ሁሉ ገልብጡት፣ የልጆች ክትባት ካርድና የድሮ ደረሰኝ ያለበትን ፌስታል ጭምር፣ የከፈላችሁበት ደረሰኝ ከተገኘ ቀኑና ቁጥሩ ፋይል ፈላጊውን በጣም ያግዘዋል።

ፈቃድ ካልነበረ ደግሞ «ያኔ ህጉ የለም ነበር» ማለት አያስኬድም፣ የኢትዮጵያ ህንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እናንተ ከመስራታችሁ 5 ዓመት ቀድሞ ወጥቷል። የሚያጽናናው ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት በዚያ አዋጅ ምድብ «ሀ» ውስጥ ነበር የሚገባው፣ ከሶስቱ ምድቦች ቀላሉ እሱ ነበር። ስለዚህ ቤቱን እንዳለ ለክቶ ፕላን የሚያነሳ ባለሙያ ይዛችሁ ማመልከቻ አስገቡ። መጥተው ሲያዩ ነገሩ የሚያልቀው ወይ የሚከረው በወሰኑ ነው፣ ሰርቪሱ ካርታው ላይ ካለው ይዞታ ወጥቷል ወይ፣ መንገድ ነክቷል ወይ፣ ከጎረቤት አጥር ጋር ተጣብቋል ወይ፣ የጣሪያው ውሃስ ሀምሌና ነሐሴ ላይ የማን ግቢ ነው የሚወርደው? ይሄን እናንተው ሜትር ይዛችሁ ቀድማችሁ እዩት። ቅጣት ሊኖር ይችላል፣ አስተካክሉ መባልም አለ፣ ይጸድቃል ብዬ ቃል አልገባልሽም። አንዱ ክፍል ከወሰን ወጥቶ ከተገኘ ግን እኔ ብሆን ያንን ክፍል አፍርሼ ነው የምሸጠው፣ ልጆችሽን ያሳደገ ቤት ቢሆንም፣ ምክንያቱም ገዥው ቤት ብሎ የከፈለበት ነገር ነገ አፍርስ የሚል ደብዳቤ ሊመጣበት ነው።

ደላላው ያላችሁን በፍጹም አትስሙት። ሰውየው ያየው ግድግዳውን ነው፣ ፈቃድ አለመኖሩን በዓይኑ አያየውም። ጉድለቱን እያወቀ የደበቀን ሻጭ «አይቶ ወዶ» የሚል ቃል አያድነውም። ደግሞስ እስከ መቼ ይደበቃል? ገዥው የሚበደረው ከባንክ ነው፣ የባንክ መሀንዲስ አብዛኛውን ጊዜ ካርታና ፕላን ይዞ ነው ለግምት የሚመጣው፣ ግቢው ውስጥ ቆሞ ሶስቱ ክፍሎች ፕላኑ ላይ የታሉ ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የምትሰጭው አንቺ ነሽ።

ወረቀቱ እስኪያልቅ መጠበቅ ይሻላል እላለሁ። ገዥው ከቸኮለና ሁሉን አውቆ ዋጋ ቀንሶ ልግዛ ካለም ይቻላል፣ ሰርቪሱ ፈቃድ እንደሌለው፣ ፈቃዱን ማን እንደሚጨርስ፣ ቅጣት ቢመጣ ማን እንደሚከፍል ግን ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ሶስት ሽማግሌ የፈረመበት የመንደር ውል ላይም አትተኙ፣ በፍትሐ ብሔር ህጉ ቁጥር 1723 መሰረት የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት፣ ቤቱ የጋራችሁ ስለሆነ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ።

ቅዳሜ ሰውየው ሲመጣ ቡና አፍልታችሁ ተቀበሉት፣ ደላላው ወሬውን ሳይጀምር ባለቤትሽ እንዲህ ይበለው፦ «ወንድሜ፣ ዋናው ቤት ሙሉ ወረቀት አለው፣ ሰርቪሱ ግን ፈቃዱ አልተገኘም፣ ሰኞ ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን፣ ከፈለግህ አብረኸን ና፣ ቀብዱ እስከዛ እጅህ ላይ ይቆይ።»