እውነት አንድ ከሆነች ትርጓሜው ለምን በዛ? ከወሎ ምእመናን ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው «የክርስትና እውነት ከዘመን ጋር አይለወጥም» ብዬ በማስተማሬ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያ፣ ከላሊበላና ከወረኢሉ ጥያቄ መጥቶልኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ አቅሜ በፈቀደ መጠን እመልሳለሁ። የሐዲሳት፣ ማለትም የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ፣ ተማሪ ነኝ፤ የምናገረው ከየኔታ የተቀበልኩትንና በንባብ ያገኘሁትን ነው።

ከደሴ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ መምህር፣ አንድ ዶርም ውስጥ ኦርቶዶክስም፣ ፕሮቴስታንትም፣ ካቶሊክም አለን። ሁላችንም ያንኑ ወንጌል እያነበብን በየፊናችን እንረዳዋለን። እውነት አንድ ናት የምትሉት የቱ ጋ ነው?

ወንድሜ፣ ጌታ «እኔ መንገድና እውነት ሕይወትም ነኝ» ብሏል። ስለዚህ ክርስቲያን እውነት ሲል ስለ እርሱ መናገሩ ነው። እርሱ ትናንትም ዛሬም ያው ነው፤ የሚያድገውም የሚሳሳተውም የእኛ መረዳት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ «ከእውቀት ከፍለን እናውቃለን» ሲል የራሱን መረዳት ሙሉ ነው አላለም። እንዲያም ሆኖ ትንሣኤን «ምናልባት» እያለ አልሰበከም። በከፊል የሚታወቅ ነገርም በእርግጥ ይታወቃል።

ዶርማችሁ ውስጥ ሥላሴን፣ የቃልን ሥጋ መልበስ፣ ስቅለቱን፣ ትንሣኤውንና ዳግም መምጣቱን የማያምን ያለ አይመስለኝም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በምሥጢራት፣ በክህነትና በቅዱሳን አማላጅነት ግን ትለያያላችሁ፤ ልዩነቱም እውነተኛ ልዩነት ነው። አድበስብሳችሁ አትለፉት፤ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት።

ከኮምቦልቻ፦ የሥራ ባልደረባዬ «ለአንተ እውነት የሆነ ለእኔ ላይሆን ይችላል» ይለኛል። ምን ልመልስለት?

ደመወዙ ጎድሎበት ቢጠይቅና የሒሳብ ክፍሉ «ለእኛ ሙሉ ነው» ቢለው እሺ ብሎ ይሄዳል? ክርስቶስ ወይ ተነሥቷል፣ ወይ አልተነሣም። ጳውሎስ ራሱ ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት ብሏል። ባልደረባህ አላምንም ቢልህ መብቱ ነው፤ ለአንዱ ተነሥቶ ለሌላው ሳይነሣ ሊቀር ግን አይችልም።

ከወልድያ፦ «መጽሐፍ ቅዱስ ብቻውን በቂ ነው፣ ትርጓሜ የሰው ሥራ ነው» የሚሉኝ አሉ።

ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ትንቢተ ኢሳይያስን በሠረገላው ላይ ሆኖ ያነብ ነበር። ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ቢለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። መጽሐፉ በእጁ ነው፣ ማንበብም ይችላል፤ ያጣው ነቢዩ ስለ ማን እንደተናገረ የሚነግረው ሰው ነበር። ያለ ትርጓሜ የሚያነብ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። «እኔ የተጻፈውን ብቻ ነው የማምነው» የሚለውም ቢሆን ከሰባኪው ወይም ከጓደኛው የሰማውን ትርጓሜ ሳያውቀው ይዞ ነው የሚያነበው።

አርዮስም ጥቅስ አላነሰውም። «አብ ከእኔ ይበልጣል» የሚለውን ይዞ ወልድን ፍጡር አለው። በ325 እ.ኤ.አ. ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቆጠራ 318ቱ፣ ያንን ቃል ከወንጌሉ አልፋቁም። «ቃልም እግዚአብሔር ነበረ» ብሎ ከሚጀምረው ከዚያው ከዮሐንስ ወንጌል ጋር አብረው አነበቡት እንጂ። ሰይጣንም ጌታን ሲፈትን መዝሙረ ዳዊት ጠቅሷል። ስለዚህ እኔ ሰውን የምጠይቀው ከማን ጋር እንደሚያነብ ነው።

ከላሊበላ፦ አንድምታ ሲተረጎም አንዱ ቃል «አንድም፣ አንድም» እየተባለ ብዙ ፍቺ ይሰጠዋል። ይህ ሁሉም ልክ ነው ማለት አይሆንም?

ይህን ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ እኅቴ። ጉባኤ ቤት ገብቶ ላላየ እንዲያ ቢመስለው አይፈረድበትም። ተማሪዎቹ በየኔታ ዙሪያ ኩርምት ብለው ይቀመጣሉ። አንዱ የግእዙን ንባብ ያሰማል፤ የኔታ ካላሳለፉት ከአንዲት ቃል ወደ ቀጣዩዋ አይሻገርም። በመጀመሪያ ዘይቤው (የቃሉ ቀጥተኛ ትርጉም) ይፈታል፣ ታሪኩና የአገሩ ልማድ ይነገራል። ምስጢሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ተመልከቺ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደው ሰው ወንበዴ የደበደበው መንገደኛ ነው። አንድም ከገነት የወጣ አዳም ነው። ያን ጊዜ ወንበዴዎቹ አጋንንት፣ ሳምራዊው ጌታ፣ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ይሆናሉ። ሁለተኛው ፍቺ የመጀመሪያውን አላፈረሰም፤ ጎረቤትሽ ወድቆ ብታገኚው ማንሣትሽ አልቀረም። ተማሪውም ከልቡ አፍልቆ አንድ «አንድም» አይጨምርም፤ ከየኔታ አፍ የተቀበለውን ነው የሚያስኬደው።

ፍቺው ይብዛ እንጂ ቁስለኛውን አይቶ ገለል ብሎ ያለፈውን ካህን «ደግ አደረገ» የሚል አንድምታ የለም። እንዲያ የሚል ቢመጣ በግእዝ ቢያጌጥም፣ ሊቅ ቢናገረውም ስሕተት ነው። ድንበሩ እዚያ ጋ ነው፤ ከድንበሩ ወዲህ ሜዳው ሰፊ ነው። ደቀ መዝሙር ወደ ትርጓሜ የሚገባው ቅኔ ቆጥሮ መሆኑም ለዚህ ይጠቅመዋል፤ የእኛው የዋድላ ቅኔ ቤት ስሙ የገነነው በከንቱ አይደለም። ቅኔ ያልነካካው ሰው ታሪክና ምሳሌ ሲደባለቁበት አያለሁ።

ከሐይቅ፣ አንድ አባት፦ ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜን በአንድ ዘመን ከልክላ በሌላው አክብሩ ብላለች ይባላል። ታዲያ እንዴት ነው የማይለወጥ የሚባለው?

አባቴ፣ የጠየቁኝ እርስዎ ካሉበት አገር ታሪክ ነው። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ቅዳሜንም እንደ እሑድ እናክብር በማለታቸው ከክህነት ተገፍተው ኖሩ፤ መምህራቸውም ከአገር ወጥተው በአርማንያ አረፉ። በአፄ ዳዊት ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት፣ በማዕረጋቸው ዐቃቤ ሰዓት የሚባሉት ሰረቀ ብርሃን፣ ከተቃዋሚዎቻቸው ግንባር ቀደሙ ነበሩ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆች መሪ የሆኑት የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስም እዚያው ሐይቅ ታግተው ቆዩ። በ1404 እ.ኤ.አ. ግን ንጉሡ እነ አባ ፊልጶስ ተለቅቀው እንደ ልማዳቸው እንዲያከብሩ ፈቀደ። በ1450 እ.ኤ.አ. አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰበሰበው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ደግሞ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ።

ሁለቱም ወገኖች የሚጸልዩት ያንኑ ጸሎተ ሃይማኖት ነበር። በክርስቶስ አምላክነትም ሰው መሆንም አልተከራከሩም። ክርክሩ በሥርዓት ላይ ነው። «ዶግማ (የእምነቱ መሠረት) አይለወጥም፣ ቀኖና (ሥርዓቱ) ግን ይሻሻላል» የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ይህ አባባል ጠያቂን ዝም ለማሰኛ ሲውል ግን ይከብደኛል። ለአባ ፊልጶስ ሰንበት የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነበር እንጂ እንደተመቸ የሚሻሻል ነገር አልነበረም። ለሰረቀ ብርሃንም ጳጳስ ትልክልን የነበረችውን የእስክንድርያን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጠበቅ ለእምነት መታመን ነበር። የቱ ዶግማ፣ የቱ ቀኖና እንደሆነ መለየቱ ራሱ እስርና ስደት፣ ጸሎትና ረጅም ዘመን ጠይቋል። ስለዚህ አባቴ፣ እውነት አልተለወጠችም፤ የተለወጠው በእነዚያ መነኮሳት ላይ ተፈርዶ የነበረው ፍርድ ነው። ያ ፍርድ የሰው ነበር።

ከደሴ፦ ቲክቶክ ላይ «እግዚአብሔር አዲስ ነገር ገለጠልኝ» የሚሉ በዝተዋል። በምን እንለያቸው?

ጳውሎስ ከሰማይ የመጣ መልአክ እንኳ ቢሆን የተለየ ወንጌል ከሰበከ አትቀበሉት ብሏል። የሚሉት ነገር ሐዋርያት ከሰበኩት ጋር ይስማማል? የሚጠይቃቸውንስ በትዕግሥት ይሰማሉ፣ ወይስ ይረግማሉ? ከመገለጡ ቀጥሎ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከመጣ ደግሞ ጊዜሽን አታባክኚ።

ከኮምቦልቻ፦ የድሮው የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ባርነትን ይፈቅዳል። አባቶች ይህን እያነበቡ ኖረዋል። ዛሬ ኃጢአት ነው ስንል እውነትን እኛ ለወጥናት ማለት ነው?

ላለሳልሰው አልፈልግም። ፍትሐ ነገሥት ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ ነው ብሎ ይጀምርና ጦርነት አንዱን ለሌላው ባሪያ ያደርገዋል ብሎ ሕግ ያወጣለታል። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ሲሸጥ የማይከፋቸው ክርስቲያኖች ነበሩ።

ጳውሎስ ግን ኦኔሲሞስን ወደ ፊልሞና ሲመልሰው ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ብሎ ጽፏል። ይህ መልእክት ባሪያ በሚሸጥበት ዘመንም በየቤተ ክርስቲያኑ ይነበብ ነበር። ሰምቶ ያልታዘዘው ሰው ነው። እውነት ከእኛ በላይ ባትሆን ኖሮ አባቶቻችንን በምን እንወቅስ ነበር? በዘመናቸው ልማድ ከሆነ ልክ ነበሩ።

ከወረኢሉ፦ እናቴ ክርስቲያን ናት፣ አባቴን የወለዱት አያቴ ሙስሊም ናቸው። ፋሲካም ኢድም ቤታችን ሙሉ ነው። እውነት አንድ ናት ስል አያቴን የናቅሁ ይመስለኛል።

አብሽሪ እኅቴ፣ በወሎ ይህ ጥያቄ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው።

በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ጉባኤ ተደረገ። ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ የተዋሕዶ ወገን ሦስት ልደት የሚሉትን፣ ማለትም ክርስቶስ ከአብና ከድንግል ማርያም ከተወለደው ሌላ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት አለው የሚሉትን፣ ረታ። እዚያ የጸናው ሃይማኖት የእኔም ሃይማኖት ነው፤ አምንበታለሁ፣ አስተምረዋለሁ። ከዚያው ጉባኤ ጋር ተያይዞ ግን የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው። ሼህ ጦልሃ እምቢ ብለው ተነሡ። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረውም ሕዝብ ብዙ ነው።

ሁለቱን ለይቶ መናገር ያስፈልጋል፣ እኛ ክርስቲያኖችም ቀድመን ልንናገረው ይገባል። ጉባኤው ስለ ክርስቶስ የመሰከረው እውነት ነው። በክርስቶስ ስም ሰውን በግድ ማጥመቅ ግን ከክርስቶስ አልተገኘም። የሳምራውያን መንደር አልቀበልም ባለው ጊዜ ያዕቆብና ዮሐንስ እሳት ከሰማይ ይውረድ ቢሉ ዘወር ብሎ የገሠጸው እነርሱን ነው።

አያትሽ የሚያምኑትን አምነውበት ነው የሚያምኑት፤ ያንን «ሁሉም ያው ነው» ብለሽ ብታልፊው እርሳቸውንም አላከበርሽም። የምታምኚውን ሲጠይቁሽ ሳትፈሪ ንገሪያቸው፣ እርሳቸው ሲነግሩሽም እስከ መጨረሻው ስሚ። ኢድ ሲመጣ ቡናውን አፍልተሽ ጠብቂያቸው፤ ይህን ለማድረግ ከእምነትሽ አንዲት ቃል መቀነስ የለብሽም።

ከወልድያ፦ ትምህርት አልገፋሁም፣ ግእዝም አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከማርቆስ ወንጌል ጀምሪ፤ 16 ምዕራፍ ነው፣ ቶሎ ይዘለቃል። ቀጥለሽ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15ን አንብቢ። አሕዛብ ይገረዙ አይገረዙ ብለው ሐዋርያት ኢየሩሳሌም ላይ ሲከራከሩ ታገኛቸዋለሽ። ማን ምን እንዳለ፣ ያዕቆብ ከነቢያት የትኛውን እንደጠቀሰ፣ በመጨረሻ ምን ጽፈው እንደላኩ ለይተሽ ያዢ። ያልገባሽን በደብተር ጽፈሽ በአጥቢያሽ ላለው መምህር አሳዪ፤ ከተቸገርሽም ለእኔ ላኪልኝ፣ በሚቀጥለው እመልሰዋለሁ።