ጥቁር ኮሮላ ላይ ያለ ክብ ጭረት፦ ከኮምፓውንዱ በፊት ፓዱ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጥቁር ኮሮላ አለህ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ይወጣል፤ አንድ ቦታ ፖሊሽ አስደርገህ በሁለት ወሩ ተመልሶ መጣ፤ አሁን የራስህን ዲኤ ማሽን (ፓድ የሚባለውን ክብ ስፖንጅ እያዞረ የሚያንቀጠቅጥ የፖሊሽ ማሽን) ገዝተህ «የትኛው ኮምፓውንድ (መፋቂያ ቅባት)? በስንት ፍጥነት?» እያልክ ነው።

ተመልሶ የመጣው አዲስ ጭረት ላይሆን ይችላል። ብዙ ቦታ ፖሊሽ ተብሎ የሚቀባው ዘይትና መሙያ የበዛበት ነገር ነው። ጭረቱን ይደፍነዋል እንጂ አያነሳውም፤ ጥቂት ጊዜ በኦሞ ሲታጠብ ይለቅና የነበረው ሁሉ ይወጣል። ጭረት በእርግጥ የሚነሳው በዙሪያው ያለው ክሊር (ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን) ተፍቆ ከጭረቱ ወለል ጋር ሲስተካከል ነው። ክሊሩ ደግሞ ብዙ አይደለም። የፋብሪካ ቀለም ከላሜራው በላይ ያለው ጠቅላላ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ነው፤ ክሊሩ ከዚህ ውስጥ ከ35 እስከ 50 ቢሆን ነው። ኃይለኛ ኮምፓውንድ በአንድ ሥራ 2 ወይም 3 ማይክሮን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ጥፍር የሚይዘውን ጥልቅ ጭረት አታሳድ፤ ጠርዙ ለስለስ ብሎ ዓይን ውስጥ ካልገባ ይበቃል።

የውፍረት መለኪያ ብታገኝ መኪናውን በሙሉ ለካ። ከ200 በላይ ያነበበ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ድጋሚ የተቀባ ነው፤ ከዚያ በብዙ ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ አለ። መለኪያው ጠቅላላውን እንጂ ክሊሩን ለይቶ አይነግርህም፤ ወፍራም ቁጥር አይቶ መዝናናት አያዋጣም። ፓዱ የመኪናውን ቀለም መያዝ ከጀመረ ክሊር የለም ወይም አልቋል ማለት ነው፤ እዚያው አቁም።

አሁን ወደ ኮምፓውንዱ። የቶዮታ ጥቁር፣ በተለይ የቀለም ኮዱ 202 የሆነው፣ በለስላሳነቱ የታወቀ ነው (ኮዱን የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ወይም ሞተር ክፍል ውስጥ ካለው መለያ ታገኘዋለህ)። ለስላሳ ቀለም ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎም ይጫራል፤ በሻካራ ኮምፓውንድ ከጀመርክ የድሮውን ጭረት አንስተህ የራስህን ትተክላለህ። እንደ ሜጉያርስ 205 ያለ የማጠናቀቂያ ፖሊሽና መካከለኛ የስፖንጅ ፓድ ይዘህ ጀምር። ካልበቃ መጀመሪያ የሚቀየረው ፈሳሹ ሳይሆን ፓዱ ነው። ከስፖንጅ ወደ ማይክሮፋይበር ስትሄድ የያው ፖሊሽ የመፋቅ ኃይል በጣም ይጨምራል። የፓድ ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ «ብርቱካናማውን ግዛ» የሚልህን አትስማ።

መኪናውን በደንብ ካጠብክ በኋላ እጅህን በቀጭን ፌስታል ሸፍነህ ቀለሙን ዳስሰው። ከሻከረ በሻምፖ ውኃ እያረጠብክ በክሌይ (ቀለም ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሳ ሊጥ መሰል ማጽጃ) አንሳው። ይህን የዘለለ ሰው በፓዱ ሥር አሸዋ እያዞረ ነው። የፕላስቲክና የጎማ ጠርዞችን በቀለም ቀቢ የወረቀት ፕላስተር ሸፍን፤ ሹል የላሜራ ጠርዝም እንዲሁ፣ እዚያ ላይ ቀለሙ ቀጭን ነው።

ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሴንቲሜትር ለይና ሙከራህን እዚያ ብቻ ሥራ። አዲስ ፓድ ከሆነ ፊቱን በሙሉ ፖሊሽ አስነካው፤ ከዚያ ወዲያ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል 3 ወይም 4 ጠብታ ይበቃል። ማሽኑን ቀለሙ ላይ ሳታሳርፍ አታስነሳ፣ ይረጭሃል። በማሽኑ የፍጥነት 1 ቁጥር አዳርሰውና ወደ 4 ወይም 5 ከፍ አድርግ። እጅህ ቀስ ይበል፤ 50 ሴንቲሜትሩን ለማለፍ 15 ሰከንድ ያህል ውሰድ፣ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይደርብ። ሁለቴ በአግድም፣ ሁለቴ በቁመት፤ የመጨረሻውን ጫናህን አንስተህ በማሽኑ ክብደት ብቻ ጨርስ። ጫናውን ለመልመድ የሰው ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጥና ማሽኑን ሳታስነሳ በፓዱ ተጫነው፤ 5 ኪሎ አካባቢ ሲያነብ እጅህ የሚሰማውን ያዝ። ፓዱ የሚለጠፍበት ጎማ ጎን ላይ በማርከር አንድ መስመር ብታሰምር ደግሞ ዲኤው እየዞረ መሆኑን ታያለህ። መስመሩ ከቆመ ወይ አብዝተህ ተጭነሃል ወይ ፓዱን አዘንብለሃል፤ እየተንቀጠቀጠ ብቻ ጭረት አያነሳም፣ ያሞቃል እንጂ።

ከዚያ ጠርገህ በአልኮል አጥራው፤ ዘይቱ ካልወጣ የምታየው ውጤት ውሸት ነው። የፋርማሲውን 70 በመቶ አልኮል 1 እጅ ከ4 እጅ ውኃ ጋር ቀላቅል። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ግሊሰሪኑ ፊልም ይተዋል። በቅርቡ የተቀባ አካል ላይ ግን አልኮሉ ይቅር። ፍተሻው በአንድ ጠንካራ መብራት ነው፦ የስልክ ባትሪ ወይም ቀጥተኛ ፀሐይ። የጋራዥ ረጅም አምፖል ጭረት ይደብቃል።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከፓድ ቆሻሻ ነው። የተፋቀው ክሊር ከፖሊሹ ጋር ይጋገራል፤ በየክፍሉ ማብቂያ ፓዱን በብሩሽ ካላራገፍክ ለስላሳ ጥቁር ላይ ጉም የመሰለ ነገር ይተዋል። ለሙሉ መኪና ቢያንስ 4 ፓድ ያዝ፣ ሲረጥብና ሲሞቅ ቀይር። መሬት የወደቀ ፓድ ሳይታጠብ አይመለስም። ጥልቅና ጥቅልል ያለ ጭረት ድንገት ካየህ ፓዱ ሥር ጠጠር ገብቷል። ፖሊሹ አቧራ እየሆነ ከበነነ ደግሞ ወይ ላሜራው ሞቋል ወይ አብዝተህ አሽተኸዋል። በአዲስ አበባ ፀሐይ ጥቁር ኮፈን በፍጥነት ስለሚግል ጠዋት፣ ጥላ ሥር ሥራ። ፓራውልት (የፊትና የኋላ መከላከያ) ላይ በተለይ ተጠንቀቅ፦ ፕላስቲክ ሙቀትን አይበትንም፣ ቀለሙም ብዙ ጊዜ ድጋሚ የተቀባ ነው።

አንዳንዱ ግራይንደር ላይ የሱፍ ፓድ አስሮ ይሠራል። ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ትሄዳለች፤ ትክክለኛው ሮታሪ ፖሊሸር (ሳይንቀጠቀጥ የሚዞረው የፖሊሽ ማሽን) ከ600 እስከ 1,800 አካባቢ ነው የሚሠራበት። ያንን አይነት ሰው መኪናህን አታስነካ።

ከጨረስክ በዚያው ቀን ሲላንት (ቀለም የሚከላከል ሽፋን) ወይም ሰም ቀባበት። ላቫጆ ስትሄድ አጣቢው በፎጣ ከመንካቱ በፊት አቧራውን በግፊት ውኃ እንዲያወርድልህ ጠይቅ፤ የራስህን ጓንትና ማድረቂያ ይዘህ ብትሄድ ይመረጣል፣ ጎማ የታጠበበት ጨርቅ ነው ኮፈን ላይ የሚመጣው። በጠዋት ደረቅ አቧራ በጨርቅ ማበስ ደግሞ ፈጽሞ ይቅር፤ የዘበኛውም ደግነት ቢሆን።

የሙከራውን ቦታ ከአልኮሉ በኋላ በስልክ መብራት አንስተህ እዚህ ለጥፈው፤ ወደ ማይክሮፋይበር መሄድ ያስፈልግህ እንደሆነ ከፎቶው ይታያል።