ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ባለቤቴ ሳታውቅ መታከም እችላለሁ?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው መንዝ ገጠር ነው። ለቀን ሥራ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ከአንዲት ሴት ጋር ተኛሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ስሸና ያቃጥለኝ ጀመር፣ መግልም ይወጣኛል። ጎረቤቴ የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንተህ ነው አለኝ። ካፕሱል ገዝቼ ስውጥ ተሻለኝ፣ ግን ተመልሶ መጣ። ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ እሷ ደህና ነች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የጎረቤቴ ልጅ ስለሆነች አፍሬ አልሄድኩም። ባለቤቴ ሳታውቅ መታከም እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅህ። ብቻህን መታከም ትችላለህ፣ ግን አይጠቅምህም፤ ከባለቤትህ ጋር ስትተኛ መልሶ ይይዝሃል።

ምልክቱ ጨብጥ ይመስላል፣ ክላሚዲያ የሚባለው ሌላ የአባላዘር በሽታም አብሮ ሊኖር ይችላል። የጋለ ድንጋይ፣ ፀሐይ፣ ጨረቃ የሚባለውን ተወው። ጨብጥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ባክቴሪያ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ «እሷ ደህና ነች» ያልከው ነው። ጨብጥ የያዛቸው ብዙ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም። በሽታው ግን ውስጥ ለውስጥ ሄዶ የማህፀን ቱቦ ሊዘጋ ይችላል፣ በምጥ ጊዜ ደግሞ የሕፃኑ ዓይን ውስጥ ይገባና ቶሎ ካልታከመ እስከ ማሳወር ይደርሳል። በእርግዝና ክትትል ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ትመረመራለች፤ ጨብጥ ግን ካልተነገራቸው ብዙ ጊዜ አይፈልጉትም። የተመረመረችው አንተ ሸዋ ሮቢት ከመሄድህ በፊት ከሆነም ምርመራው መደገም አለበት።

ካፕሱሉን አቁም፣ ለእሷም እንዳታካፍላት። ምናልባት ቴትራሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ጨብጥ እሱን ጨምሮ ብዙ መድኃኒት ለምዷል፣ ቴትራሳይክሊን ደግሞ ለፅንሱ ጥሩ አይደለም። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ አብዛኛውን ጊዜ መርፌና ኪኒን ይሰጣችኋል። ሁለታችሁም ከታከማችሁ በኋላ 7 ቀን ታቀቡ። አንተም ኤችአይቪና ቂጥኝ ተመርመር፣ የኤችአይቪውን ከ3 ወር በኋላ ድገመው። ለወደፊቱ ደግሞ ኮንዶም ያዝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥምህ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት አለ።

ማፈርህ ይገባኛል፣ ገጠር ሁሉም ይተዋወቃል። የጎረቤትህ ልጅ ምስጢርህን የመጠበቅ ግዴታ አለባት፣ ካስጨነቀህ ግን በገበያ ቀን ሞላሌ ወይም መሐል ሜዳ ሂድ፣ ማን ለምን እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። እዚህ ላይ ጤና ኬላ ለምትሠሩ እህቶቼም አንድ ነገር ልበል፦ ወንዶቹ ኬላውን የእናትና የሕፃን ቤት ብቻ አድርገው ስለሚያዩት አይመጡም፣ እነሱ ባሉበት በዕድርም በልማት ሥራም ሄዳችሁ ጨብጥን በስሙ ጠርታችሁ ንገሯቸው።

ለባለቤትህ መንገሩ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። አፍህ እምቢ ካለህ ለባለሙያው አስቀድመህ ንገረው፣ ሁለታችሁን አስቀምጦ አብሮህ ይነግራታል። የሸዋ ሮቢቷም ሴት ስልኳ ካለህ ደውልላት፣ እሷም መታከም አለባት። ስትሄድ የተረፈውን ካፕሱል ይዘህ ሂድ፣ ምን እንደወሰድክ ይዩት።