መልስ፦ ቺሎግላኒሶቼ ለምን ይሞታሉ?

ወንድሜ፣ ሀዋሳ ቤትህ ባለው 100 ሊትር ገንዳ፣ በ28 ዲግሪ ውሃ፣ ቺሎግላኒሶችህ (ትንንሾቹ የወንዝ ዓሦች) ለምን እንደሚሞቱ ጠይቀሃል። ከምግቡ በፊት ኦክስጅኑን ተመልከት። ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በዚህ ሙቀት ውሃው ቢበዛ በሊትር 6.5 ሚሊግራም አካባቢ ነው የሚይዘው። የሐይቁ አምባዛ አየር ሲያጥረው ብቅ ብሎ ይስባል፤ ቺሎግላኒሶች ግን እንደሱ አየር የሚስቡበት አካል የላቸውም። በከንፈራቸው ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት አየር በሞላው ፈጣን ጅረት ነው።

ማሞቂያውን ንቀልና ወደ 24 ዲግሪ ቀስ ብለህ አውርደው። በሰዓት 1,000 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ግጠም፤ መውጫውን ወደ ውሃው ገጽ አቅርበህ ገጹን አናውጠው። አረፋ ማውጫዋ ብቻዋን አትበቃም። ከፓምፑ ፊት ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ደርድር፣ ሹል ጠጠር ከንፈራቸውን ይጎዳል። መብራት ሲሄድ (ያው መሄዱ አይቀርም) ፓምፑ ስለሚቆም በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አዘጋጅ። የሐይቁን ውሃ ግን አትጨምርበት፣ አልካሊነቱ ከፍተኛ ነው።