ሕገ መንግሥታዊ ሕግ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ባለፈው ሳምንት ከሐዋሳ አንዲት የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ጻፈችልኝ። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ ማታ ማታ ዶርም ውስጥ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክርክር በስልኬ አዳምጣለሁ። የጦር መሣሪያ መብት ላይ የተሰጡት ውሳኔዎች በተለይ ይገርሙኛል። ዘጠኝ ሰዎች ቁጭ ብለው የስንቱን ሰው መብት ይወስናሉ። እኔም እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። አባቴ ግን ‹ባንክ ገብተሽ ውል ብታዘጋጂ ይሻልሻል› ይሉኛል። በዚያ ላይ እኛ አገር ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥት አይተረጉምም ተብለን ተምረናል። ታዲያ ለኔ የሚሆን ሥራ አለ? ወይስ ህልም ላይ ነኝ?»

ሰላም ልጄ። ህልም ላይ አይደለሽም። ግን ታሪኩን የምትሰሚው ከጫፉ ነው። አንቺ ጆሮሽ ላይ ስታደርጊው ጉዳዩ አልቆ ሊቋጭ ደርሷል። ሥራው ያለው ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት፣ ማንም በማያዳምጥበት ቦታ ነው።

የሄለርን ጉዳይ መቼም ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተወሰነው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ ቤቱ ውስጥ ሽጉጥ እንዳያስቀምጥ ከልክላ ነበር። ሄለር የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ቀን የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ሲጠብቅ ሽጉጥ ይታጠቃል። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን አይፈቀድለትም። ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛው ማሻሻያ መሣሪያ የመያዝን የግለሰብ መብት ይጠብቃል ብሎ ፈረደለት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ናቸው። መብቱ ገደብ እንዳለው፣ ትምህርት ቤትና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ መሣሪያ መያዝን የሚከለክሉ ሕጎችን እንደማይነካም እዚያው ጽፈዋል።

አሁን በስልክሽ ያልሰማሽውን ልንገርሽ። ክሱ ሲጀመር ከሳሾቹ ስድስት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አምስቱን «እናንተ መክሰስ አትችሉም» ብሎ አስወጣቸው። ሄለር ብቻውን ቀረ። ለምን? አምስቱ ሽጉጥ መያዝ እንፈልጋለን፣ ሕጉ ከለከለን ነው ያሉት። ሄለር ግን ለማስመዝገብ አመልክቶ ተከልክሏል። ያን ሁሉ የታሪክና የሰዋስው ክርክር የተሸከመችው አንዲት «አይቻልም» የተባለች ማመልከቻ ናት።

ይሄ የአሜሪካ ጣጣ ብቻ እንዳይመስልሽ። የኛን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33(2) ክፈቺው። በሚከሰስበት ነገር ላይ መብት ወይም ጥቅም ያለው መሆኑን ያላስረዳ ሰው ከሳሽ መሆን አይችልም። ለፈተና ሸምድደሽው አልፈሽ ይሆናል። ተመልሰሽ አንብቢው።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት አንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ አቤቱታ እቀበል ነበር። አንድ ሽማግሌ መጡ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ያመለከቱት ነገር አይሆንም ተብለዋል፣ ግን በቃል ነው። «ማን አለዎት?» ስላቸው «ያ ቀጭኑ ልጅ» አሉኝ። በደላቸው እውነት ነበር። ግን ምን ይዘው ይክሰሱ? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ትርጉሙ የገባኝ ያን ቀን ነው። መልሱን በጽሑፍ እስኪያገኙ ወራት ተመላለሱ።

ወደ አሜሪካኖቹ ልመልስሽ፤ ለሙያሽ የሚሆን ነገር ስላለ ነው። ከሄለር ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ በማክዶናልድ ጉዳይ መብቱ ክልሎችንና ከተሞችንም ይገዛል ተባለ። በ2022 የብሩን ጉዳይ መጣ። ኒው ዮርክ መሣሪያ ይዞ ለመውጣት ልዩ ምክንያት ታስጠይቅ ነበር። 6 ለ3 ተሻረ። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ የጻፉት ይህ ውሳኔ መሣሪያን የሚገድብ ሕግ በአገሪቱ የቆየ ታሪክ መደገፍ አለበት ይላል። ውጤቱን ገምቺ። የታሪክ ምሁራን ለምስክርነት ይፈለጉ ጀመር! ጠበቆች የድሮ ደንብ ፍለጋ ማኅደር ቤት ገቡ። በ2024 ደግሞ በራሂሚ ጉዳይ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የፍርድ ቤት እገዳ የተጣለበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ መከልከል ይቻላል ተባለ፤ 8 ለ1። ያቺ አንዷ የተቃውሞ ድምፅ የማን ናት? የብሩንን ውሳኔ የጻፉት የራሳቸው የቶማስ።

እኔ ግን ለተማሪ አንብቢ የምለው እነዚህን አይደለም። ካርጊልን ነው። እሱም የ2024 ነው። ጥያቄው አንድ ጠመንጃ ላይ የሚገጠም ዕቃ መሣሪያውን «መትረየስ» ያደርገዋል ወይ የሚል ነበር። የመሣሪያ መብት ጭብጡ ውስጥ የለም። ክርክሩ በሙሉ ሕጉ ውስጥ ያለች አንዲት ሐረግ ላይ ነው፤ «በአንድ የቃታ እንቅስቃሴ» የምትል። ውሳኔው ውስጥ የቃታው አሠራር በሥዕል ሁሉ ተቀምጧል። ዘጠኙ ዳኞች ቃታ እንዴት እንደሚሠራ ተከራክረው 6 ለ3 ተለያዩ። የነፃነት ጉዳይ የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ የንባብ ጉዳይ ነው። ማንበብ የምትወጂ ከሆነ ሥራው ላንቺ ነው። ንግግሩን ብቻ ከወደድሽው ግን እንጃ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የአሜሪካኑን ክርክር እንዳለ አምጥተሽ እዚህ ልትዘሪው ካሰብሽ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሚሆንብሽ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን ውስጥ መሣሪያ የመታጠቅ መብት የሚል አንቀጽ የለም። ነገሩ የፈቃድ ጉዳይ ነው። የሚገዛውም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ስለዚህ እዚህ ክርክር ቢነሳ «ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ነው» በሚል አይጀመርም። «መሥሪያ ቤቱ አዋጁን ተከትሏል ወይ?» በሚል ነው።

ይቺ ጥያቄ ቀላል እንዳትመስልሽ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን አንብበሽዋል? የፌዴራል አስተዳደር መሥሪያ ቤት የወሰነብሽን ውሳኔ በፍርድ ቤት የማስከለስ መንገድ የከፈተ አዋጅ ነው። የማይመለከታቸው አካላትም አሉ፤ ስለዚህ አንቀጽ በአንቀጽ ነው የሚነበበው። እኔ አሁን ተማሪ ብሆን የመመረቂያ ጽሑፌን በሱ ላይ ነበር የምሠራው። ስለ ሁለተኛው ማሻሻያ የሚጽፍ በዓለም ላይ ሞልቷል። ስለ 1183 በአማርኛ በደንብ የሚጽፍ ሰው ግን ያስፈልገናል።

«ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥት አይተረጉምም» ያልሽው ግማሹ ልክ ነው። የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ አንቀጽ 62 እና 83። አሥራ አንድ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ይሄ መንገድ ዝግ ነው የሚሉ አሉ። አንድ ጉዳይ ላስታውስሽ። አንዲት ሴት የውርስ ክርክሯ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መታየቱን ተቃወመች። አንቀጽ 34(5) የተከራካሪዎችን ፈቃድ ይጠይቃል፣ እኔ አልፈቀድኩም አለች። ፍርድ ቤቶቹ አልሰሟትም። አጣሪ ጉባኤውም ጥያቄዋን አልተቀበለም። እሷ ግን ጉባኤው አይሆንም ባለው ላይ ለምክር ቤቱ ይግባኝ አለች። በ1996 የፌዴሬሽን ምክር ቤት አሸነፍሽ አላት። የእያንዳንዱን ደረጃ «አይሆንም» በጽሑፍ ይዛ ነው የወጣችው። ከሄለር ጋር አይመሳሰልም?

ቀሪው ግማሽ ደግሞ አንቀጽ 13(1) ነው። ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ያሉትን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችም አለባቸው። የሥር ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስህተት የሚያርመው ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ያደረገውን ተመልከቺ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ስታሳድግ ቆይታለች። አባት መጥቶ አሳዳጊነቱ የኔ ነው አለ። የቤተሰብ ሕጉን ቃል ብቻ ያየ ሰው ለአባት ይፈርዳል፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም እንደዚያው ነው ያደረጉት። ሰበር ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 አንስቶ የልጁ ጥቅም ይቀድማል አለና ሻረው። የሰበር የሕግ ትርጉም ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። አሁን ይህን ሥልጣን የያዘው አዋጅ 1234/2013 ነው። እና አንድ የአክስት መዝገብ ለሌላው ሕፃን ሁሉ ሕግ ሆነ።

ከዚህም ወረድ በይ። የሰው ነፃነት በየቀኑ የሚወሰነው የት ይመስልሻል? ጊዜ ቀጠሮ ችሎት ላይ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል አንቀጽ 19። ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ይላል። ዳኛው ቀን ይሰጣል ወይም አይሰጥም። ዋስትና ይፈቀዳል ወይም አይፈቀድም። አምስት ደቂቃ እንኳ ላይፈጅ ይችላል። በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ከተያዘው ሰው አጠገብ የቆመ ተከላካይ ጠበቃ መኖሩና አለመኖሩ ከማንም ፕሮፌሰር መጽሐፍ ይበልጣል። ማዳመጫሽን አውልቂና አንድ ጠዋት ሄደሽ ቁጭ በይ። ችሎት በመርህ ደረጃ ለማንም ክፍት ነው። ስልክሽን ብቻ አጥፊ፣ ዳኛ ፊት የጮኸ ስልክ ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ።

ሥራውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። «ሕገ መንግሥታዊ ሕግ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ስትጠብቂ አትክረሚ። ሥራው በሌላ ስም ነው የሚመጣው። እኔ ብመርጥልሽ ተከላካይ ጠበቃነትን ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ መዝገቡ ብዙ ነው፣ ደንበኛሽ አንዳንዴ ራሱ አያምንሽም። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የምታዪውን ሌላ ቦታ በአሥር አታዪውም። ዐቃቤ ሕግነትም ከወዲያኛው ወንበር ሆኖ ያው ትምህርት ቤት ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሐዋሳ ላይ ቢሮ አለው፤ በየጊዜው ማስታወቂያቸውን ተከታተዪ። ከዚያ በፊት ግን እግርሽ ሥር ያለውን የዩኒቨርሲቲውን ነፃ የሕግ ድጋፍ አትለፊው። የጥብቅና ፈቃድ ሐሳብ ካለሽ አዋጅ 1249/2013ን እና የክልሉን ሕግ አሁኑኑ እያነበብሽ መስፈርቱን ያዢ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አይነግርሽም። ሲዳማ ክልል ከሆነ ከ2012 ወዲህ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ነው። ካልቻልሽ ጀምሪ። እንግሊዝኛውን ለአሜሪካ ዳኞች ያህል አሠልጥነሽው የሰውየውን ቃል በአስተርጓሚ ከምትሰሚ፣ ለሲዳሙ አፎ በሳምንት ሁለት ማታ ብትሰጪ ይሻላል።

አባትሽን በተመለከተ፣ አልተሳሳቱም። ባንክ ያለ የሕግ ባለሙያ ደመወዙ ደህና ነው፣ ውልና ሰነድ በደንብ ያውቃል። ቤት ውስጥ የአንቺ ገቢ ወዲያው የሚያስፈልግ ከሆነ ባንክ ግቢ፣ ማንም አይወቅስሽም። ካልሆነ ግን ቁጭ ብለሽ «አባዬ፣ ሁለት ዓመት ስጡኝ» በያቸው። ቀኑንም ቁረጪላቸው። አባቶች ቀን ሲቆረጥላቸው ይረጋጋሉ። ስለ ሄለር አትንገሪያቸው፣ ስለ አክስቲቱ መዝገብ ንገሪያቸው።

እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ሦስት የሰበር ውሳኔ ምረጪ። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ጻፊ። ጉዳዩ እንዴት ተጀመረ፣ ጭብጡ ምንድን ነው፣ የትኛዋ ወረቀት ባትኖር ኖሮ ይወድቅ ነበር? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለዪ። ከዚያ ላኪልኝ፣ አነባቸዋለሁ።

የኤክስተርንሺፕ (የተግባር ልምምድ) ማመልከቻሽን ለተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ስታስገቢ ደግሞ ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ። አንዱን ስጪያቸው። ሁለተኛው ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማህተምና ቀን ሳታስመቺ ከመስኮቱ እንዳትነቃነቂ።