የሱዙኪዋን ሞተር ቀይር፣ ጋራዡን ግን ገና አትክፈት

የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ጠያቂው ወጣት ነው። በአውቶሞቲቭ ደረጃ 3 ጨርሷል፣ ሲኦሲ (የብቃት ምዘናውን) ግን አልተፈተነም። አሁን በገላን መንገድ ላይ ባለ አንድ ጋራዥ ረዳት ሆኖ ይሠራል። ደብዳቤውን አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ሰላም ጋሼ። አንድ ደንበኛችን አሮጌ ሱዙኪ ሳሙራይ አለችው። እርሻው የሚመላለስባት እሷ ናት። የቤንዚን ሞተሯ ደክሟል። እሱ ደግሞ ከተጋጨ ቮልስዋገን ጎልፍ የወረደ 1.9 ቲዲአይ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር አግኝቻለሁ፣ ግጠሙልኝ ይላል። አለቃዬ ‹ከቻልክ ሥራው› ብሎ ለእኔ ትቶታል። ቪዲዮ አይቻለሁ፣ የሚቻል ይመስለኛል። ጓደኛዬ በበኩሉ ይሄ ከተሳካ ኮዬ ፈጬ ላይ ሞተር መቀየር ብቻ የሚሠራ ጋራዥ እንክፈት፣ አጎቴ ብር ያበድረናል እያለ ነው። ሥራዬን ለቅቄ ልግባበት ወይ?»

ወንድሜ፣ ሱዙኪዋን ሥራት። ሥራህን ግን አትልቀቅ።

መጀመሪያ ደንበኛህ ሞኝ እንዳልሆነ ልንገርህ። የሳሙራይ 1.3 ሊትር ሞተር አዲስ እያለ ጉልበቱ 64 ፈረስ ገደማ ነው። የመጠምዘዝ ኃይሉ ወደ 100 ኒውተን ሜትር ነው። ይሄ ደግሞ በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ቱርቦ ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ያካክሰዋል። የመጀመሪያው ዓይነት 1.9 ቲዲአይ 90 ፈረስ ጉልበት አለው፣ በ1,900 ዙር ላይ ደግሞ 202 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ጭቃና አቀበት ላይ ሰውየው የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥም እነዚህን ሁለቱን ማጋባት የታወቀ ሥራ ነው። ማገናኛ ብረቱ ተዘጋጅቶ ይሸጣል።

እዚህ ግን የተዘጋጀ ማገናኛ የለህም። ያለህ ቶርኖ ቤት ነው። ፈተናውም እዚያ ይጀምራል።

የጎልፉ ሞተርና የሱዙኪው ካምቢዮ የቡሎን ቀዳዳቸው አይገጥምም፣ ስለዚህ መሐላቸው ወፍራም ብረት ይገባል። ብረት መቁረጥ ቀላል ነው። ከባዱ የሁለቱን መሐል ማገናኘት ነው። ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) ፍላይዊሉ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት ላይ እሰረው። ጫፉን ካምቢዮው በሚቀመጥበት ክብ ቀዳዳ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አስደግፍ። ከዚያ ሞተሩን በእጅህ ቀስ እያልክ ሙሉ ዙር አዙር፣ መርፌውንም ተከታተል። ብዙ መካኒኮች የሚቀበሉት ልዩነት 0.13 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ካለፈ መኪናዋ ትነሳለች፣ ትሄዳለችም። ችግሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ፍሪሲዮኑ ይንቀጠቀጣል፣ የፊተኛው ኩሽኔታ ይበላል፣ በመጨረሻም የካምቢዮው ዘንግ ይሄዳል። ደንበኛው ያኔ «ሞተሩ ነው» ይላል። አንተ ልኬቱን በማስታወሻ ካልያዝክ ምን ብለህ ትመልሳለህ?

ጎልፍ ላይ ሞተሩ በጎን እንደተኛም አትርሳ። ሳሙራይ ላይ በቁመት ነው የሚቀመጠው። የሞተሩ እግሮች፣ የኢንተርኩለሩ (የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ቱቦዎች፣ የጭስ መውጫው፣ ሁሉም እንደ አዲስ ይሠራሉ። የዘይት ኮፓው ደግሞ ከፊተኛው አክሰል ጋር ይጣላል። መኪናዋን ክሪክ ላይ አውጥተህ «አለፈ» ብትል አልበቃህም። ባሌስትራው እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ አክሰሉ የት ድረስ እንደሚወጣ ለካ። አንድ ነገር ብቻ ይቀልልሃል። የሳሙራይ ትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ አክሰል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ከካምቢዮው ጋር አልተጣበቀም፣ በአጭር ዘንግ ነው የሚገናኙት። ስለዚህ ሞተርና ካምቢዮውን ትንሽ ወደፊት ወይ ወደኋላ ለማድረግ ዕድል አለህ።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደርሰናል። የኤሌክትሪክ ገመዱ።

ቲዲአይ የናፍጣ ፖምፓውን የሚቆጣጠረው በኮምፒውተር ነው። የነዳጅ ፔዳሉም ገመድ የሚስብ ሳይሆን ለኮምፒውተሩ ምልክት የሚልክ ነው። ሶማሌ ተራ ሞተር ሲሸጥ ገመዱ በፒንሳ ተቆርጦ መምጣቱ የተለመደ ነው። ሻጩ የሚያየው ብረቱን ነው። አንተ ግን ኮምፒውተሩ፣ ፔዳሉና ሙሉ ገመዱ ከሌለህ ያለህ ከባድ ብረት ብቻ ነው። ሞዴሉ ቁልፍ የሚለይ መቆለፊያ ካለው ደግሞ የዚያው መኪና ቁልፍና ዳሽቦርድም ያስፈልጋሉ። ኮምፒውተሩን ጥለው ከቀድሞው የቮልስዋገን ናፍጣ ሞተር ሜካኒካል ፖምፓ የሚገጥሙ አሉ። ያ አማራጭ ይሠራል፣ ግን ፖምፓውን የሚያስተካክል ባለሙያ ይፈልጋል።

ስለ ፍሬን ላንሳ፣ ቪዲዮዎቹ ብዙ ጊዜ ይዘሉታልና። የቤንዚን ሞተር ፍሬን ለማቅለል የሚያገለግለውን ቫኪዩም ከራሱ አየር ማስገቢያ ይሰጣል። ናፍጣ ይሄን አይሰጥም። ሞተሩ የራሱ ቫኪዩም ፓምፕ አለው፣ እሱ በትክክል ካልተገናኘ የፍሬን ፔዳሉ ይደርቃል። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርዱ ይሄን ማወቅ ደስ አይልም።

ማርሹን በወረቀት ላይ አስላ። ብዙ ሳሙራይ ላይ የአምስተኛው ማርሽ የጥርስ ምጣኔ 0.795 ነው፣ ትራንስፈሩ በከፍተኛው 1.409፣ ዲፈረንሻሉ 3.727። አባዛቸው፣ 4.17 ገደማ ይመጣል። 205/70 አር 15 ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2.1 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሞተሩ ወደ 3,300 ዙር ይዞራል ማለት ነው። ለቤንዚኑ ችግር አልነበረም። ለናፍጣው ግን ይበዛል። ሰውየው ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ በፈጣን መንገዱ አዳማ ልሂድ ካለ ጩኸቱ ያሰለቸዋል። የአንተዋ ላይ ቁጥሩ ሊለይ ስለሚችል ዲፈረንሻሉን ከፍተህ ጥርሱን ቁጠር። ከዚያ ደንበኛው ትልቅ ጎማ ይፈልግ፣ ወይ ፍጥነቱን ይተው፣ እሱ ይወስን። እጥፍ የሆነው የመጠምዘዝ ኃይል ካምቢዮውንና አክሰሉን እንደሚፈትን ግን ቀድመህ ንገረው። ነጂው ነዳጁን የሚረግጥ ዓይነት ከሆነ ዘንግ ይሰበራል።

ይሄን ሁሉ የዘረዘርኩት ላስፈራራህ አይደለም። ከዚህ ሥራ የምታተርፈው ምን እንደሆነ እንድታይ ነው። የቶርኖ ልኬት፣ የናፍጣ ፖምፓ፣ የኮምፒውተር ገመድ ማንበብ፣ የማርሽ ስሌት። አንድ መኪና ላይ ይሄን ሁሉ የሚያገኝ ረዳት ብዙ አይደለም። አብዛኛው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ዘይት ሲቀይርና ጎማ ሲፈታ ነው የሚኖረው።

ወደ ጓደኛህ ሐሳብ ልምጣ። ሞተር መቀየር ብቻ የሚሠራ ጋራዥ እኔ አይታየኝም። የሚመጣው መኪና እያንዳንዱ የተለየ ነው። የሱዙኪዋ ማገናኛ ለቪታራ አይሆንህም። የምትፈልገው ዕቃ አንድ ቀን ሶማሌ ተራ ይገኛል፣ ሌላ ቀን የለም። መኪናዋ ቆማ ቦታ ትይዛለች፣ በዚያው ፍሬን ሊያሠራ የመጣ ሰው ቦታ አጥቶ ይመለሳል። የጋራዥ ኪራይ የሚከፈለው ደግሞ በዚያ ፍሬን ነው! የአጎትየው ብድር ወር ጠብቆ ይጠየቃል፣ ሱዙኪዋ ግን ወር ጠብቃ አታልቅም። ጋራዥ ለመክፈት ከንግድ ፈቃዱ ሌላ የብቃት ማረጋገጫም ትጠየቃለህ። ሲኦሲ ያልወሰደ ሰው እዚያ ላይ ምን ሊል ነው?

ጓደኛህ «የነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል፣ ስለዚህ ሰው አሮጌውን እያሳደሰ ይነዳል» ሊልህ ይችላል። እውነት አለው። ክልከላው ግን የተጀመረው በቤት መኪና ነው። ሰው አሮጌ መኪናውን ሲያቆይ የሚያሠራውም በአብዛኛው የራሱን ሞተር ነው፣ ሌላ አገር ሞተር አያስገባበትም። ወደ ቃሊቲና ዱከም መንገድ ወጥተህ ተመልከት። የሚያልፈው ኢሱዙና ሲኖትራክ ነው፣ ሁሉም ናፍጣ። ከተማው ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። ቮልስዋገን ራሱ አዲስ አበባ ላይ ዛሬ የሚታየው በአብዛኛው አይዲ 4 እና አይዲ 6 ሆኖ ነው፣ ቲዲአይ ፈላጊው አንተና ደንበኛህ ብቻ ሳትሆኑ አትቀሩም። ስለዚህ የናፍጣ ፖምፓና ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን) የሚያውቅ፣ ከዚያም ላይ የኤሌክትሪክ ብልሽት በሜትር ተከታትሎ የሚያገኝ ልጅ በሁለቱም በኩል ሥራ አያጣም።

እና ምን ታድርግ? ሥራውን ያዝ፣ ግን በአለቃህ ጋራዥ ስም ይሁን። «ከቻልክ ሥራው» ያለህን በወረቀት አስቀምጡት። ካልተሳካ ኪሳራው የማን ነው? ከተሳካ ድርሻህ ስንት ነው? አለቃህን ማፈር አያስፈልግም። «ጋሼ፣ በኋላ እንዳንቀያየም አሁን እንነጋገር» ብትለው አይከፋውም። ከደንበኛው ጋር ደግሞ ለጠቅላላው አንድ ዋጋ አትቁረጡ። በየደረጃው ይሁን። ልኬቱና ማገናኛው አንድ፣ ሞተሩን ማሳረፍ አንድ፣ ገመዱና ማስነሳቱ አንድ። ዕቃ ራሱ ይግዛ፣ እናንተ ጉልበት ሽጡ። ለእያንዳንዱ ደረጃ ቀብድ ይከፈል።

የሊብሬውን ነገር ለነገ አትበሉት። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። አዲሱ ሞተር ሌላ ቁጥር አለው። ቦሎ ሊያድስ ሲሄድ ቁጥሩ ካልገጠመ መኪናዋ ትቆማለች። ደንበኛው አሮጌው ሞተር ሳይወርድ ፋይሉ ያለበት መሥሪያ ቤት ሄዶ ይጠይቅ። እናንተ አካባቢ የአንዱ መኪና ፋይል አዲስ አበባ ነው፣ የጎረቤቱ ኦሮሚያ ነው፣ ስለዚህ የትኛው ቢሮ እንደሚሄድ መጀመሪያ ያጣራ። የሞተሩን የግዢ ወረቀትም ይያዝ። ወረቀት የሌለው ሞተር የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ፖሊስ የሚመጣው እናንተም ጋ ነው።

ለራስህ ደግሞ አንድ ደብተር ያዝ። የዳያል ጌጁን ንባብ፣ የማርሹን ስሌት፣ የገመዱን ሥዕል ጻፍበት። በየደረጃው ፎቶ አንሳ። ሥራ ስትጠይቅ ከዲፕሎማህ ቀድሞ የሚታየው ይሄ ደብተር ነው። ሲኦሲውን በዚህ መሐል ተፈተን፣ ተግባሩ እጅህ ላይ ትኩስ እያለ። ሱዙኪዋ ስታልቅ ፖምፓና ኖዝል የሚሠራ ቤት ፈልገህ ግባ፣ ደሞዙ ከአሁኑ ባይበልጥም። እዚያ ከቆየህ በኋላ ስለ ጋራዥ ብትጠይቀኝ መልሴ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጓደኛህንም አትግፋው። አካውንት የሚይዝና ደንበኛ የሚያናግር ሰው ወደፊት ትፈልጋለህ።

አሁን ግን ለደንበኛው ደውልለት። ሞተሩ ከኮምፒውተሩ፣ ከፔዳሉና ካልተቆረጠ ገመዱ ጋር ነው ወይ ብለህ ጠይቀው። ከሌሉ ለሻጩ ቀብድ እንዳይከፍል።