የአሳ ሰላጣን ጠይቁኝ፦ ከባሕር ዳር ማእድ ቤት

ባሕር ዳር ላይ አሳ ሳበስል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን ስለ አሳ ሰላጣ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ዛሬ ተቀምጬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ለሰላጣ የትኛው አሳ ይሻላል? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው)፣ ያለ ጥርጥር። ሥጋው ነጭና ጠንከር ያለ ስለሆነ ሲበስል በትልልቁ ይላቀቃል። ነጭ አሳ የሚባለው ዓይነትም ይጣፍጣል፤ ግን ቀጫጭን እሾሁ ብዙ ነው፣ ልጅ ባለበት ማእድ ደግሞ ያስፈራል። አምባዛን ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉ ብዙዎች ናቸውና እንግዳ ከጠራሽ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ የኔ ሰላጣ ሁልጊዜ ውኃ ያቁራል። ምን አጥፍቼ ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እህቴ፣ የአሳ ሰላጣን የሚያበላሸው ውኃ ነው፤ ስለዚህ በየደረጃው አስወጪው። አሳውን አትቀቅዪው። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ፊሌቶ ወስደሽ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው፤ ጨው ነስንሰሽ በጋለ መጥበሻ ላይ በጥቂት ዘይት እያንዳንዱን ጎን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ጥበሺው። ወፈር ያለ ከሆነ ጨምሪለት። መሐሉ ድረስ ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነኩት ከተላቀቀ በስሏል። ከዚያ ሰፊ ሳህን ላይ ዘርጊው። ከከደንሽው እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሠርቶ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። የቲማቲሙን ፍሬ ከነፈሳሹ አውጪ። ሰላጣ ቅጠሉን አጥበሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ አራግፊው፤ ጨርቁ ምን ያህል እንደሚርስ ስታዪ ውኃው ከየት ይመጣ እንደነበር ይገባሻል። አትክልቱ ላይ ጨው አስቀድመሽ አትነስንሺ፤ ጨው ውኃውን ይስበዋል።

ጥያቄ፦ ማጣፈጫውን ቤት ውስጥ ለመሥራት ልኩ ስንት ነው? (ከፍኖተ ሰላም፣ የልጅ ልጆች ያሉኝ እናት ነኝ)

መልስ፦ እናቴ፣ የተለመደው ልክ ሦስት እጅ ዘይት ለአንድ እጅ ሎሚ ነው። ለአሳ ግን እኔ ሎሚውን አበዛለሁ፦ 4 ማንኪያ ዘይት፣ 2 ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ አንድ ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። ክዳን ባለው ጠርሙስ አድርገው በደንብ ይናጡት። ዘይትና ሎሚ ብቻቸውን ወዲያው ይለያያሉ፤ ሰናፍጩ ግን ለጥቂት ጊዜ አያይዞ ያቆያቸዋል። ደፍረስ ብሎ ወፈር ሲል ደርሷል። ግማሹን አሳው ለብ እንዳለ ያፍስሱበት፣ ያን ጊዜ ጠልቆ ይገባል፤ ቀሪውን ማእድ ሲቀርብ። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ጠንካራ ስለሆነ ብቻውን አሳውን ይሸፍነዋል።

ጥያቄ፦ ሎሚ ጥሬ አሳን ያበስላል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል፣ ያጠነክረዋልም፤ በዓይን ሲያዩት የበሰለ ይመስላል። ነገር ግን አሳ ውስጥ ያለውን ትልና ጀርም ለመግደል አይታመንም። እባክህ በእሳት አብስለው።

ጥያቄ፦ ሽሪምፕስ?

መልስ፦ ሽሪምፕ የባሕር እንስሳ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በረዶ ሆኖ ነው። ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ፣ አድርቁት፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጥበሱት። ሮዝ መስሎ ሲጠቀለል አውጡት፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ጎማ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አሳ በጾም ይበላል?

መልስ፦ ይህን የነፍስ አባትህን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የአሳ ሰላጣውን ለሥራ ቦታ ምሳ ልያዘው?

መልስ፦ ፍሪጅ ካለ ያዢው። ከሌለ በባሕር ዳር ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። አሳውን፣ ቅጠሉንና ማጣፈጫውን ለየብቻ ቋጥረሽ ልትበዪ ስትይ ቀላቅዪ።